በአስጎብኚ ተመርቶ የደሴት ዳርቻን በጄት ስኪ መዞር፦ ከመነሳት በፊትና ውሃው ላይ መታወቅ ያለበት

ሞገደኛው (ውይይቱን የከፈተ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ከአስጎብኚ ጋር በጄት ስኪ (ውሃ ላይ እንደ ሞተር ሳይክል በሚነዳ ማሽን) የደሴት ዳርቻ ሊዞሩ ያሰቡ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚጠይቁት ስለ ፍጥነቱና ስለሚነሱት ፎቶ ነው። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ግን ሌላ ነው። ጄት ስኪ ነዳጅ ካልሰጡት አይታጠፍም።

ምክንያቱ አሠራሩ ላይ ነው። ከሆዱ ሥር ባለው ፍርግርግ በኩል ውሃ ይስባል፤ ውስጥ ያለው ኢምፔለር (የሚሽከረከር መቅዘፊያ) ውሃውን ገፍቶ ከኋላ ባለው ጠባብ አፍ በኃይል ያስወጣዋል። መሪውን ስታዞሩ የሚዞረው ያ የኋላ አፍ ነው። ነዳጁን ስትለቁ የሚወጣው ውሃ ይቀንሳል፤ ስለዚህ መሪውን እስከ ጥግ ብታዞሩትም ጄት ስኪው በያዘው አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ይንሸራተታል። ሰው ደግሞ ከፊቱ ድንገት አንድ ነገር ሲያይ ነዳጁን ለቆ መሪ ማዞር ይቀናዋል። እዚህ ላይ ሁለቱ አብረው አይሄዱም። ለመሸሽ ነዳጅ ሰጥቶ መታጠፍ ነው።

አዳዲሶቹ ላይ ለዚህ የሚረዳ ነገር አለ። አይ-ቢ-አር የተባለው የሲ-ዱ ኩባንያ ወይም ራይድ የተባለው የያማሃ ሥርዓት ያላቸው ማሽኖች በግራ እጅ የሚሳብ ማቆሚያ አላቸው፤ ሲሳብ ከኋላ የሚወጣውን ውሃ ወደ ፊት ይመልሰዋል። ጥሩ ነገር ነው፤ ግን የመኪና ፍሬን አይደለም። በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በሰከንድ 12.5 ሜትር ይጓዛል። ለማየትና ለመወሰን ከ1 እስከ 1.5 ሰከንድ ሲወስድበት ገና ማቆሚያውን ሳይነካ ከ12 እስከ 19 ሜትር አልፏል። ለኪራይና ለጉብኝት የሚሰጡ ብዙ ማሽኖች ደግሞ ማቆሚያው ጨርሶ የላቸውም፤ ስለዚህ «ማቆሚያ አለው ወይ?» ብላችሁ ዳርቻው ላይ ሳላችሁ ጠይቁ።

ከመነሳታችሁ በፊት እነዚህን በራሳችሁ እጅ አረጋግጡ፦

የማጥፊያው ገመድ (በእጅ አንጓ ወይም በላይፍ ጃኬት ላይ የሚታሰረው) ሲነቀል ሞተሩ ወዲያው መጥፋት አለበት። አስነሱት፣ ንቀሉት፣ ጠፋ? ጥሩ። የማይጠፋ ከሆነ ያንን ማሽን አትውሰዱ፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም። ገመዱ በመሪው ላይ እንዳይጠመጠም ተመልከቱ፤ ከተጠመጠመ ስትወድቁ ላይነቀል ይችላል።

ነዳጅ መስጫው ስትለቁት በራሱ ተስፈንጥሮ መመለስ አለበት። ጨው የበላው ኬብል ዘግየት ብሎ ይመለሳል። ዘገየ ማለት አንድ ቀን ተይዞ ይቀራል ማለት ነው።

መሪው ከጥግ እስከ ጥግ ያለ መንገራገጭ ይዙር፤ ሲዞርም የኋላው አፍ አብሮ መዞሩን አንድ ሰው ቆሞ ይይላችሁ።

ላይፍ ጃኬቱን ዘለበቶቹን ሁሉ ቆልፋችሁ ሌላ ሰው ከትከሻው ወደ ላይ ይሳበው። ወደ አገጭ ወይም ወደ ጆሮ ከወጣ ሰፍቷችኋል። ውሃ ሲነካው በራሱ የሚነፋው ዓይነት ለጄት ስኪ አይሆንም፤ በፍጥነት ስትወድቁ የሚያስፈልጋችሁ ስፖንጅ ያለው፣ ቢያንስ ሦስት ዘለበት ያለው ነው።

በመጨረሻ፣ አስጎብኚው ከመነሳቱ በፊት ክፍት ውሃ ላይ ትንሽ ካላለማመዳችሁ ጠይቁት። ሁለት ሦስት ጊዜ በዝግታ ክብ መዞር፣ አንድ ጊዜ ነዳጅ ለቆ ምን ያህል እንደሚንሸራተት ማየት፣ ከዚያ ነዳጅ እየሰጡ መታጠፍ። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ይህን የዘለለ አስጎብኚ ሌላውንም ይዘላል።

የጨው_ነፋስ

በደንብ ጽፈኸዋል ወንድሜ። እኔ የአየሩንና የመስመሩን ልጨምር፤ ጉዞው ደስ የሚል ወይም የሚያሰቃይ የሚሆነው እዚያ ላይ ነው።

ደሴት ሁልጊዜ ሁለት ፊት አለው። ነፋሱ የሚመታው ወገን ሻካራ ነው፤ የተከለለው ወገን ለስላሳ ነው። መነሻው አብዛኛውን ጊዜ የተከለለው ወገን ላይ ስለሆነ ዳርቻው ላይ ቆማችሁ የምታዩት ውሃ ስለ ጉዞው ሁሉ አይነግራችሁም። ወደ ባሕር የወጣውን ድንጋያማ ጫፍ ስታልፉ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ይመጣል፤ ነፋሱም ማዕበሉም። ጀማሪ የሚደናገጠው ያኔ ነው። ጎበዝ አስጎብኚ ከጫፉ በፊት ሁሉንም ያቆማል፣ ወዲያ ማዶ ያለውን ይናገራል፣ የሚመለስ ካለ ከዚያ ይመልሳል።

ጠዋት ውጡ። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው አየሩ ወደ ላይ ይነሳል፣ በቦታው ከባሕር ነፋስ ይገባል። ይህ ረፋዱ ላይ ይጀምርና ከሰዓት በኋላ ይበረታል። ያው መስመር ጠዋት መስታወት ሆኖ ከሰዓት ወገብ ይቀጠቅጣል።

በዓይን ለመገመት የማዕበሉን ጫፍ ተመልከቱ። ነጭ አረፋ አልፎ አልፎ ብቻ ከታየ በቦፎርት የነፋስ ብርታት መለኪያ 3 ነው፤ ነፋሱ ከ7 እስከ 10 ኖት (አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው)። አረፋው በየቦታው ከታየ 4 ነው፤ ከ11 እስከ 16 ኖት። ለጀማሪዎች ቡድን እኔ 3 ላይ እቆማለሁ። ብርቱ ነጂ 4 ላይ ይሄዳል፤ ያ ግን ሽርሽር አይደለም።

ትንበያ ስታነቡ የማዕበሉን ቁመት ብቻ አትዩ። በሁለት ማዕበል መካከል ስንት ሰከንድ እንዳለም እዩ። 1 ሜትር ማዕበል በ10 ሰከንድ ሲመጣ ሰፊ ኮረብታ ነው፤ ቀስ ብሎ ያነሳችኋል፣ ቀስ ብሎ ያወርዳችኋል። ያው 1 ሜትር በ4 ሰከንድ ሲመጣ ግድግዳ ነው፤ ከአንዱ ሳትወርዱ ሌላው ፊታችሁን ይመታችኋል።

ገደል ሥር አትጠጉ። ማዕበሉ ገደሉን መትቶ ይመለስና ከሚመጣው ጋር ይጋጫል፤ ውሃው መስመር አጥቶ ወደ ላይ ይዘላል፣ ጄት ስኪውም ከየት እንደሚገፋ አይታወቅም። ከገደሉ 100 ሜትር ያህል ራቅ ስትሉ ውሃው ይረጋጋል። ዋሻ ለማየት መግባት ካለ ደግሞ አስጎብኚው ቀድሞ ይግባ፣ አንድ በአንድ ይጥራችሁ።

ደርሶ መልስ ከሆነ መጀመሪያ ነፋሱን ተጋፍጣችሁ ሂዱ። ጉልበት ያለው ያኔ ነው፤ ስትመለሱ ነፋሱ ከኋላ ይገፋችኋል።

ሰማያዊ_ጥልቅ

አንድ ነገር ላክልበት። ከኋላ የሚመጣ ማዕበል ላይ ነዳጅ አታብዙ። ማዕበሉን ቀድማችሁ ከጫፉ አልፋችሁ ከፊቱ ወዳለው ጎድጓዳ ከወረዳችሁ አፍንጫው የፊተኛው ማዕበል ውስጥ ይሰካል፤ እናንተ ግን አትቆሙም፣ በመሪው ላይ ትወረወራላችሁ። የማዕበሉን ፍጥነት ይዛችሁ ጀርባው ላይ ቆዩ። ከፊት ለሚመጣው ደግሞ ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ሰያፍ ያዙት፣ ከመድረሱ በፊት ነዳጅ ቀንሱ፣ ከመቀመጫው ብድግ ብላችሁ ጉልበታችሁን እጠፉ። ተቀምጣችሁ የተቀበላችሁት ግጭት ሁሉ የሚያርፈው የጀርባ አጥንታችሁ ላይ ነው። የዲስክ ችግር ያለበት፣ በቅርቡ የጀርባ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ወይም እርጉዝ የሆነች ሰው ይህን ጉዞ ይተወው።

ብርቱካን_ጀልባ

እናመሰግናለን። ሁለት ሆነን በአንድ ጄት ስኪ ልንሄድ ነው፤ እኔና ባለቤቴ። ማን ከፊት ይቀመጥ? ልብስስ የዋና ልብስ ብቻ ይበቃል?

ሞገደኛው

እህቴ፣ መጀመሪያ ክብደቱን አረጋግጡ። ማሽኑ ላይ የተለጠፈ ሰሌዳ አለ፤ ስንት ሰው፣ ስንት ኪሎ የሚል። ትንንሾቹ ባለ ሁለት መቀመጫ 160 ኪሎ አካባቢ ናቸው፤ ትልልቆቹ ባለ ሦስት መቀመጫ ከ220 እስከ 270 ኪሎ ይችላሉ። ይህ ሰውንም ዕቃንም ጨምሮ ነው። ሁለት ጎልማሶች 160ውን በቀላሉ ይሞሉታል፤ ሞልቶ የሚሄድ ማሽን ቆሞ ሳለ ይገለበጣል፣ ሲታጠፍም ያጋድላል። ለሁለት ሰው ባለ ሦስት መቀመጫውን ጠይቁ።

ከፊት የሚቀመጠው ከበድ የሚለው ቢሆን ይመረጣል። ምክንያቱም ከኋላ ያለው ሲወድቅ የፊተኛውን ወገብ ይዞ ነው የሚወድቀው፤ ከባዱ ከኋላ ከሆነ ሁለታችሁም አብራችሁ ትወርዳላችሁ። የኋላው ሰው የነጂውን ወገብ ወይም የላይፍ ጃኬቱን ማሰሪያ ይያዝ፣ ሁለቱን እግር በእግር ማስቀመጫው ላይ ያድርግ፣ ነጂው ወደሚያጋድልበት አብሮ ያጋድል። ተቃራኒ ካጋደለ መታጠፊያው ይበላሻል።

ልብሱን በተመለከተ፣ የዋና ልብስ ብቻውን አይበቃም። ይህ ለጨዋነት ተብሎ አይደለም። ከኋላ የተቀመጠ ሰው ነዳጅ በድንገት ሲሰጥ ወደ ኋላ ተንሸራትቶ የሚወድቀው ውሃው በኃይል የሚወጣበት አፍ ላይ ነው። ያ ውሃ በሰውነት ክፍተቶች ገብቶ ከባድ የውስጥ ጉዳት ያደርሳል፤ የአምራቾቹ መመሪያዎች ሁሉ የሚያስጠነቅቁት ነው። ከወገብ በታች ዌትሱት (ለውሃ የሚለበስ ወፍራም የጎማ ልብስ) ወይም እሱን የመሰለ ወፈር ያለ ልብስ ይለበስ፤ በተለይ ከኋላ የምትቀመጪው አንቺ ከሆንሽ። አስጎብኚው ካላቀረበ ጠይቂ። ነጂው ደግሞ «ያዝሽ?» ብሎ መልስ ሳይሰማ ነዳጅ አይንካ።

የጨው_ነፋስ

በቡድን ስትሄዱ ስላለው ርቀት ማንም አላነሳም። አብዛኛው ጄት ስኪ የሚጋጨው ከሌላ ጄት ስኪ ጋር ነው፤ ያውም አብሮት ከመጣው ጋር። የፊተኛው ፎቶ ለማንሳት ወይም ዓሣ ለማየት በድንገት ነዳጅ ይለቃል፣ የኋላው ደግሞ ገደሉን እያየ ነው።

በዝግታ ሲሄዱ 30 ሜትር ይበቃል። በፍጥነት ሲሄዱ ከ50 ሜትር በታች አይሁን። የፊተኛው የሚተወውን ነጭ መንገድ ተከትላችሁ አትሂዱ፤ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ወጣ ብላችሁ በሰያፍ ተከተሉ። አስጎብኚውን አትቅደሙ። ከመታጠፋችሁ በፊት አንገታችሁን አዙራችሁ ከኋላ እዩ፤ ብዙዎቹ ማሽኖች ላይ ያለው መስታወት በሚርገበገብ ውሃ ላይ ምንም አያሳይም።

ሰማያዊ_ጥልቅ

በ50ው አልስማማም። በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ላይ 50 ሜትር 4 ሰከንድ ነው። አንድ ሰከንድ ተኩል ለማየት ይሄዳል፤ የሚቀረው ሁለት ሰከንድ ተኩል ነው። ማቆሚያ የሌለው ማሽን በዚያ ጊዜ ገና እየተንሸራተተ ነው። ለጀማሪ ቡድን በፍጥነት ሲሄድ 80 ሜትር እላለሁ፤ ነጥቡ «የፊተኛው ቢቆም መቆም እችላለሁ ወይ?» ነው።

የጨው_ነፋስ

ለማቆም ከሆነ ልክ ነህ። ግን 80 ሜትር ሲሆን ስድስት ማሽን ያለበት ቡድን ከ400 ሜትር በላይ ይዘረጋል፤ አስጎብኚው የመጨረሻውን አያይም፣ የእጅ ምልክቱም አይታይም። ለዚህ ነው ሰያፍ የሚኬደው፤ የፊተኛው ቢቆም መንገዳችሁ ላይ አይደለም። የሚሻለው ፍጥነቱን ዝቅ አድርጎ 50ውን መያዝ፣ ማሽኖቹ ከአራት ሲበልጡ ደግሞ ከኋላ ሁለተኛ አስጎብኚ ማድረግ ነው።

ሰማያዊ_ጥልቅ

ሁለተኛ አስጎብኚ ካለ ተስማምተናል። ምልክቶቹንም እንጻፋቸው፤ ከቦታ ቦታ ስለሚለያዩ ከመነሳት በፊት አብራችሁ አድርጓቸው። ብዙ ጊዜ የተለመዱት እነዚህ ናቸው፦ አንድ እጅ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ማለት ቁም፤ መዳፍ ወደ ታች ከፍ ዝቅ ማለት ቀንስ፤ ሁለት እጅ እየተዘረጋ ሲወዛወዝ እርዳታ። የወደቀ ሰው ከውሃው እንደወጣ አንድ እጁን ከፍ ያድርግ፤ ደህና መሆኑንም ይናገራል፣ የሚመጡት እንዳይረግጡትም ያሳያል።

ፓምፕ_ጠጋኝ

ሰላም። እኔ ሜካኒክ ነኝ፤ ከማሽኑ ወገን የሚበላሸውን ልንገራችሁ።

በጣም የተለመደው የሳበው ነገር ነው። ሞተሩ ይጮኻል፣ ማሽኑ ግን አይሄድም ወይም ይንቀጠቀጣል። የባሕር ሣር፣ ፌስታል ወይም የዓሣ አጥማጅ መረብ ክር ፍርግርጉ ላይ ተጠምጥሟል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ነዳጅ መጨመር ጥፋት ነው፤ ክሩ ኢምፔለሩ ዘንግ ላይ ይጠብቃል፣ ሙቀትም ይነሳል፤ ሞተሩ ወይም የጭስ ማውጫው የሚቀዘቅዝበት ውሃ የሚመጣው ከዚያው ፓምፕ ነውና። ነዳጅ ልቀቁ፣ ሞተር አጥፉ፣ የማጥፊያውን ገመድ ንቀሉና ለአስጎብኚው ምልክት ስጡ። ሣር ብቻ ከሆነና ማሽኑ ወደ ኋላ የሚሄድ ማርሽ ካለው፣ አስጎብኚው በዝግታ ወደ ኋላ ሲያስኬደው ብዙ ጊዜ ራሱ ይተፋዋል። ክር ከሆነ መቁረጥ ይፈልጋል። ገመዱ ሳይነቀል ማንም እጁን ወደ ፍርግርጉ አይስደድ። ረጅም ፀጉርና የላላ ማሰሪያም በዚያው በኩል ስለሚሳቡ ፀጉራችሁን አስራችሁ ጃኬት ውስጥ ክተቱ።

ሁለተኛው ጥልቀት ነው። መመሪያዎቹ እንደ ሞዴሉ ከ60 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ይላሉ፤ ያውም ሰው ተቀምጦበት ከሆዱ ሥር የሚለካ ነው። ወገብ ከማይደርስ ውሃ ውስጥ ሞተር አታስነሱ። አሸዋና ጠጠር ሲሳብ ኢምፔለሩንና በዙሪያው ያለውን ቀለበት ይበላዋል፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት በሚሊ ሜትር ክፍልፋይ የሚቆጠር ስለሆነ ትንሽ ጠጠር ትልቅ ጉልበት ታሳጣለች። ከዳርቻው እየገፋችሁ አውጡት፣ ወደ ዳርቻው ሞተር አጥፍታችሁ ግቡ።

ሦስተኛው መገልበጥ ነው። ከተገለበጠ ሞተሩ ይጠፋል፤ ካልጠፋ ገመዱን ንቀሉ። ወደ ኋላው ዋኙ። የኋላው ግድግዳ ላይ፣ ተገልብጦ እያለ እንዲነበብ የተለጠፈ ቀስት ያለው ምልክት አለ፤ በየትኛው አቅጣጫ እንደሚገለበጥ ይናገራል። እንደ ሞዴሉ ስለሚለያይ በግምት አታድርጉት። በተሳሳተው ወገን ከገለበጣችሁት በጭስ ማውጫው ውስጥ ያለው ውሃ ወደ ሞተሩ ሊወርድ ይችላል። አንድ እጅ ፍርግርጉን ይዞ፣ በእግር የጎኑን ጠርዝ ረግጦ በሰውነት ክብደት ቀስት ወዳሳየው መሳብ ነው። ለአንድ ሰው ትልቁ ማሽን ይከብዳል፤ ለሁለት ቀላል ነው። ሳትዘገዩ አድርጉት፤ በቆየ ቁጥር ውሃ ይገባዋል።

ከተቃና በኋላ ሲነሳ ከ5 ሰከንድ በላይ ማስነሻውን አትጫኑ። ካልተነሳ ተዉት። ሲሊንደር ውስጥ ውሃ ካለ ደጋግሞ ማስነሳት ዘንጉን ያጣምማል። ከተነሳ ደግሞ በመካከለኛ ፍጥነት ቀጥ አድርጋችሁ ንዱት፤ ውስጥ የገባው ውሃ ከሆዱ እየሳበ በሚያወጣው ቱቦ (መሳቢያው) በኩል የሚወጣው ማሽኑ ሲሄድ ነው።

መጎተት ካስፈለገ በዝግታ፣ ከ8 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሳይበልጥ። ይህን ብዙ አስጎብኚም ይረሳዋል። የጠፋ ማሽን በፍጥነት ሲጎተት ውሃው በማቀዝቀዣው ቱቦ ውስጥ እየተገፋ ይገባል፤ ሞተሩ ስለማይሠራ የሚያስወጣው ጭስ የለም፣ ውሃው የጭስ ማውጫውን ሞልቶ ወደ ሞተሩ ይደርሳል። ረጅም መጎተት ከሆነ ቱቦውን በመቆንጠጫ ቆልፎ ነው። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት መቆንጠጫው መነሳት አለበት፤ አለበለዚያ ይቃጠላል።

ጸጥታ

ዋና የማይችል ሰው በዚህ ጉዞ መሄድ ይችላል? ጃኬት ካለ ችግር የለም ይላሉ።

ሞገደኛው

ጃኬቱ ያንሳፍፋል፤ ድንጋጤን ግን አያስቆምም። ከመወሰንህ በፊት አንድ ነገር አድርግ፤ ጃኬቱን ለብሰህ ቁመትህን በሚያልፍ የተረጋጋ ውሃ ውስጥ ግባ፣ ፊትህ አንድ ጊዜ ውሃ ይንካው፣ በጀርባህ ተንሳፍፈህ ትንፋሽህ እስኪመለስ ጠብቅ። ይህን ያለ ፍርሃት ካደረግህ ከአስጎብኚው ጋር በአንድ ማሽን ከኋላ ተቀምጠህ ሂድ። ብቻህን ግን አትንዳ። ነጂ የሆነ ሰው ከወደቀ ወደ ማሽኑ መድረስ አለበት፤ ነፋስ ካለ ማሽኑ ከሰው ቀድሞ ይሸሻል።

መውጣቱም ይለመድ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ከኋላ መሐል በኩል። መሰላሉን ወደ ታች አውርድ፤ ከሌለ በሁለት ክንድህ መድረኩ ላይ ተደገፍ፣ እግርህን በውሃው ውስጥ እየመታህ ደረትህን አውጣ፣ ከዚያ ጉልበት፣ ከዚያ የመቀመጫውን ማሰሪያ ይዘህ ተነሥ። በጎን አትሞክር፤ ራስህ ላይ ትገለብጠዋለህ። ሁለት ሰው ከሆናችሁ አንድ በአንድ፣ ነጂው ቀድሞ።

ፓምፕ_ጠጋኝ

ልክ ነው። ሌላው ሰው ሊያነሳው ሲመጣ ደግሞ ወደ ወደቀው ሰው በዝግታ፣ ሁልጊዜ እያየው ይምጣ፤ ሊደርስ ሲል ሞተር ያጥፋና በመንሸራተት ይድረስ። ወደ ኋላ እያስኬደ ወደ ሰው አይጠጋ። ሞተሩ ቆሞ እየሠራ ከሆነም ከኋላው ማንም ተንሳፍፎ አይቆይ፤ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ እዚያ ይጠራቀማል።

ብርቱካን_ጀልባ

ስለ ነዳጅስ? ሙሉ ደሴቱን የሚዞረው መስመር በግምት 60 ኪሎ ሜትር ነው ተብለናል።

የጨው_ነፋስ

ደንቡ ሦስት ቦታ መክፈል ነው። አንድ ሦስተኛ ለመሄጃ፣ አንድ ሦስተኛ ለመመለሻ፣ አንድ ሦስተኛ የማይነካ። ዙሪያውን ለሚዞር መስመር፣ ገና ግማሹ ላይ ሳትደርሱ አንድ ሦስተኛው ነዳጅ ካለቀ በመጣችሁበት መመለስ ይሻላል፤ ወደ ፊት ያለው ወገን ምን ዓይነት ማዕበል እንዳለው አይታወቅም።

በቁጥር ላስረዳሽ። ትልልቆቹ ማሽኖች 70 ሊትር ያህል ይይዛሉ፤ በመካከለኛ ፍጥነት፣ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ ከ15 እስከ 20 ሊትር በሰዓት ቢበሉ 60 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ 30 ሊትር ቢበዛ። ምቹ ነው። ትንሹ የሲ-ዱ ስፓርክ ግን የሚይዘው 30 ሊትር ነው፤ ሞተሩ ትንሽ ስለሆነ ቢበላም ያንሳል፣ ሆኖም ለእንደዚህ ዓይነት መስመር መሙያ ከሌለ እኔ አልመርጠውም። ነዳጅ ሙሉ ለሙሉ ተስቦ ሲነዳ ደግሞ ፍጆታው ሁለት ሦስት እጥፍ ይሆናል። ከቡድኑ አንዱ እየፈነጨ ሲሄድ ቀድሞ የሚያልቅበት እሱ ነው፤ ቡድኑ በሙሉ ደግሞ የሚጠብቀው እሱን ነው። ጌጁ ሞልቶ መነሳቱን እናንተ ራሳችሁ እዩት።

አስጎብኚው የያዘውንም ጠይቂ። የባሕር ሬዲዮ በቻናል 16 (በአደጋ ጥሪው ቻናል) የሚሰማ፣ የመጎተቻ ገመድ፣ ቢላ፣ ትርፍ የማጥፊያ ገመድ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን፣ ፊሽካ። ስልክ ብቻ ከሆነ የያዘው፣ ከተራራው ጀርባ ኔትወርክ ይጠፋል። የእጅ ሬዲዮም ቢሆን ከውሃው ብዙም ከፍ ስለማይል በሁለት ጄት ስኪ መካከል ከ10 ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፍም፤ ለዚህም ነው ዳርቻ ላይ የቀረ ሰው የመመለሻ ሰዓታችሁን ማወቅ ያለበት።

ሰማያዊ_ጥልቅ

የውሃውን ቀለም ማንበብም ይለመድ። ጥቁር ሰማያዊ ጥልቅ ነው። ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ሰማያዊ አሸዋ ላይ ያረፈ ጥልቀት የሌለው ውሃ ነው። ቡናማ ወይም ቢጫ የተቀላቀለበት ጠቆር ያለ ጥፍጥፍ ካያችሁ ኮራል (ድንጋይ መሰል የባሕር ፍጥረት) ነው፤ አንዳንዱ ከውሃው ገጽ በታች አንድ ስንዝር ብቻ ነው። ይህ ሁሉ የሚታየው ፀሐይ ከፍ ስትልና ከኋላችሁ ስትሆን ነው። ፀሐይ ፊት ለፊት ሆና ውሃው ካብረቀረቀ ምንም አይታይም፤ ያኔ አስጎብኚው ያለፈበትን መስመር ሳትለቁ ቀንሱ። ፖላራይዝድ (የውሃውን ነጸብራቅ የሚቀንስ) መነጽር ብዙ ይረዳል፤ ከአንገት የሚታሰር ማሰሪያ ካለው። ደመና ባለበት ቀን ጥላው ኮራል ይመስላል፤ ከተጠራጠራችሁ ኮራል ነው ብላችሁ እለፉት።

ኤሊ ለመተንፈስ ብቅ የምትለው ሣርና ኮራል ባለበት፣ ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ነው። እዚያ ከ5 ኖት፣ ማለትም በሰዓት ከ9 ኪሎ ሜትር አትለፉ። ዶልፊን ሲመጣ ማሳደድ፣ መንጋውን መሐል ገብቶ መክፈል ወይም መክበብ የለም። ርቀቱ እንደ አገሩ ሕግ ይለያያል፤ ለምሳሌ አውስትራሊያ ለጄት ስኪ ከዶልፊንም ከዓሣ ነባሪም 300 ሜትር ብላለች፤ ለሌላ ጀልባ ከፈቀደችው በጣም የራቀ ነው። ምክንያቱም ጄት ስኪ በድንገት አቅጣጫ ይለውጣል፣ ከውሃ በታች የሚያሰማው ድምፅም እንደ ጀልባ ፕሮፔለር ከሩቅ አያስጠነቅቃቸውም። «ዶልፊኖቹ መሐል አስገባችኋለሁ» የሚል አስጎብኚ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

ጸጥታ

ስልክ መያዝ ይቻላል? መነጽርስ?

ሞገደኛው

ስልክ ውሃ በማያስገባ ከረጢት ሆኖ ከፊት ባለው ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ፤ ሣጥኑ ብቻውን ውሃ ያስገባል። እየነዳህ ፎቶ አታንሳ፤ የምታቆመው አስጎብኚው ሲያቆም ነው። ከረጢቱን አየር እንደያዘ ዝጋው፤ ቢወድቅ እንዲንሳፈፍ።

የዓይን መነጽር ካለህ በማሰሪያ። ኮንታክት ሌንስ ከሆነ በላዩ ላይ የተዘጋ መነጽር አድርግ፤ በፍጥነት የሚመጣ የጨው ውሃ ሌንሱን ያጥበዋል። የፀሐይ ቅባት ከመነሳትህ 20 ደቂቃ በፊት ተቀባ፤ የእጅህን መዳፍ ግን ጥረገው፣ መሪው ያንሸራትትሃል። እጅጌ ያለው ልብስ ከቅባት የተሻለ ነው። የሚረሳው የእጅና የእግር ጀርባ ነው። ጫማ ከኋላ ማሰሪያ ያለው ይሁን፤ ኮራል ባለበት በባዶ እግር አይወረድም። ውሃ ጠጥተህ ውጣ፤ ነፋሱ ላብህን ስለሚያደርቀው መጠማትህን አታውቅም። መጠጥ የቀመሰ ሰው ደግሞ አይንዳ፣ ከኋላም አይቀመጥ።

ፓምፕ_ጠጋኝ

ሊነሱ ለሚፈርሙ ሰዎች አንድ ምክር። ማሽኑን ከመውሰዳችሁ በፊት ዙሪያውን በቪዲዮ ቅረጹት፤ አፍንጫው፣ ሁለቱ ጎኖች፣ የኋላ መድረኩ፣ መሰላሉ። ዳርቻ ላይ ወጥቶ ከሆነ ጎንበስ ብላችሁ ሆዱንና ፍርግርጉን አንሱ፤ ብዙ የክፍያ ጭቅጭቅ የሚነሳው ከዚያ ነው። ዳሽቦርዱን አስነስታችሁ የሞተር ሰዓቱንና ነዳጁን ቅረጹ። ውሉ ላይ የሚነበበው ዋና ነገር ጉዳት ቢደርስ ከእናንተ የሚጠየቀው ከፍተኛው ገንዘብ ስንት እንደሆነና ፓምፕ ውስጥ የገባ ነገር በማን ሒሳብ እንደሚጠገን ነው። የፓምፕ ጉዳት በኢንሹራንሱ የማይሸፈን ከሆነ በጽሑፍ ይኑር እንጂ በቃል አይቅር።

የውሃ ማፍሰሻ ቡሾቹን (ከኋላ ከታች ያሉትን ሁለቱን) ጥብቅ መሆናቸውን አስጎብኚው ሲያይ ተመልከቱ። ላልተው ከተነሱ ማሽኑ ቀስ እያለ ውሃ ይሞላል፤ መጀመሪያ የምታውቁት ኋላው ሲከብድና ፍጥነት ለመያዝ ሲዘገይ ነው። እንዲህ ከተሰማችሁ ወዲያው ምልክት ስጡ። እስከዚያው አትቁሙ፤ ሲሄድ መሳቢያው የተወሰነውን ያወጣል፣ ሲቆም ግን ውሃው ብቻ ነው የሚገባው።

ብርቱካን_ጀልባ

ሁሉንም ጽፌ ይዣለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። አንድ የቀረኝ፤ ባለቤቴ ከአንድ ሰዓት በኋላ እጁ ይደነዝዛል። ጉዞው ሁለት ሰዓት ነው።

ሰማያዊ_ጥልቅ

መሪውን አጥብቆ ስለሚይዝ ነው። ነዳጅ መስጫውን በሁለት ጣት ይሳበው፤ ሌሎቹ ጣቶች መሪውን ላላ አድርገው ይያዙ፣ ክንዱ ክርኑ ላይ ትንሽ ይታጠፍ። ክብደቱን እጁ ላይ ሳይሆን እግሩ ላይ ያድርግ፤ በጉልበቱ መቀመጫውን ቆንጠጥ ቢያደርግ መሪው ላይ የሚደገፈው ይቀንሳል። ጣት ያለው ስስ ጓንትም ይረዳል። ከመነሳታችሁ በፊት ለአስጎብኚው ንገሩት፤ በየ25 ወይም 30 ደቂቃው በተከለለ ቦታ እንዲያቆም፣ ካስፈለገም መሐል ላይ ነጂ እንድትቀያየሩ። ስትቀያየሩ የማጥፊያው ገመድ አብሮ ይቀየር።